ቆራሌው የማይገዛው

ስለ ቆሻሻ አወጋገድ የሚካሄድ ስብሰባ መልኩ ይታወቃል። የአዳራሹ በር ላይ «አካባቢያችንን ከፕላስቲክ ብክለት እንታደግ» የሚል ባነር ይሰቀላል። ባነሩ ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ ቀኑ ስለተጻፈበትም ለከርሞ አይሆንም። በየተሳታፊው ፊት አንዳንድ ሃይላንድ ውኃ ይደረደራል፤ ግማሹ ተጠጥቶ ግማሹ ይቀራል፤ ከሻይ ዕረፍት መልስ ደግሞ የትኛው የማን እንደነበረ ስለሚጠፋ ሁሉም አዲስ ይከፍታል። ባለሙያው ቆሻሻን ስለ መቀነስና መልሶ ስለ መጠቀም ያስረዳል፤ ተሳታፊው ይጽፋል፤ ማታ ላይ አበል ይፈረማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው ባዶ ማዳበሪያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ቆራሌው!» እያለ ያልፋል። እሱን የጠራው የለም፤ አበልም አይታሰብለትም። ሆኖም አንድን ዕቃ አይቶ ቆሻሻ ይሁን አይሁን በግማሽ ደቂቃ የሚወስነው እሱ ነው፤ ቢሳሳት የሚከስረውም ከራሱ ኪስ ነው። ስለዚህ ቆራሌው የሚገዛውንና የማይገዛውን ለይቶ ያየ ሰው ከቆሻሻ ጋር ስላለን ጣጣ ብዙ ነገር ይገባዋል ባይ ነኝ።

የቆራሌው ሥራ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። በጠዋት ተነሥቶ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ ያረጀ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የተጠራቀመ ሃይላንድ ይገዛል። የዋጋ ክርክሩ ግን የራሱ ወግ አለው። እመቤቲቱ ድስት ይዘው ይወጡና «ይሄ እኮ የድሮ ዕቃ ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል?» ይላሉ። ከየት ይገኛል የተባለው ድስት ቂጡ ተበስቷል። ቆራሌው ተቀብሎ ይገለብጠዋል፤ በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል፤ ወደ ፀሐይ አንሥቶ በቀዳዳው አጮልቆ ያያል፤ ከዚያ ለቅሶ የደረሰ ይመስል ራሱን እየነቀነቀ «እማማ፣ ይሄማ አልቆለታል፤ የምወስደው ለርስዎ ብዬ ነው» ይላል። የሰጣቸው ዋጋ ያበሳጫቸውና «ተወው እንግዲያው፤ አበባ እተክልበታለሁ» ብለው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እሱም ሁለት ሦስት ቤት አልፎ ዞር ይላል። በመጨረሻ ይስማማሉ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ለአፍታ እንኳ ያልተነሣ አንድ ሐሳብ ቢኖር ድስቱን መጣል የሚለው ነው። ሁለቱም ዋጋ እንዳለው ያውቃሉ፤ የሚጣሉት በስንትነቱ ላይ ብቻ ነው።

የተገዛው ሁሉ መንገዱ ወደ መርካቶ ነው። እዚያ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የመዶሻ ድምፅ ነው። በርሜል ተቀድዶ ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል፤ የውስጥ ጎማው እየተተለተለ የዕቃ ማሰሪያ ይሆናል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጠማማ ብረትና ጠማማ ሚስማር ተቃንቶ ለሚሠራ ቤት ይሸጣል። ቅራቅንቦ አሉሚኒየም ቀልጦ ድስት ሆኖ ይመለሳል። ሁለት የተጨባበጡ እጆች የታተሙበት የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ መብራት በሌለበት አገር ኩራዝ፣ ሲዘረጋ ደግሞ የአጥር በር ሆኖ ኖሯል። ሃይላንዱም ቢሆን ወተት፣ ማርና ዘይት ሲሸጥበት ከርሞ፣ ዕድል የቀናው እንደሆነ ጠበል ተቀድቶበት የቤት ራስጌ ላይ ይቀመጣል፤ ከሱቅ ወጥቶ እዚህ ማዕረግ የደረሰ ሌላ ዕቃ ማግኘት ይቸግራል። ተሰብሮ ምንም አያደርግም የተባለ ጠርሙስ እንኳ የግንብ አጥር አናት ላይ በሲሚንቶ ተተክሎ ሌባ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሕዝብ መልሶ መጠቀምን ከባዕድ መማር አለበት ሲባል ለቀባሪው አረዱት ነው።

ማድ ቤታችንም ከምናለሽ ተራ አይተናነስም። አንድ ጊዜ የተቆላ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። ጠላው ተቀድቶ ሲያልቅ ድፍድፉ ላይ ውኃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይሆናል፤ አተላው ለከብት ይሄዳል። የዛሬው ሊጥ ለነገው እርሾ ያስቀምጣል። ያደረ እንጀራ ፍርፍር፣ የሰነበተው ደግሞ ድርቆሽ ይሆናል። የመጀመሪያው ልጅ ልብስ እጁ እየታጠፈ ለአራተኛው ይደርሳል፤ አራተኛውም ሲጨርሰው የወለል መወልወያ ይሆናል፤ ያውም «ይሄ እኮ የእንትና የጥምቀት ልብስ ነበር» እየተባለ የሚታወስ መወልወያ ነው። ቢጫው ጀሪካን ደግሞ እንደ አንድ ምስጉን የመንግሥት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመኑን በየደረጃው ያሳልፋል፦ በዘይት ይቀጠራል፤ ወደ ውኃ መቅጃ ይዛወራል፤ ሲያፈስ ወገቡ ተቆርጦ የልብስ መዘፍዘፊያ ይሆናል፤ የዕድሜው ማምሻ ላይ ጤና አዳም ተተክሎበት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጣል፤ ጡረታ ሲወጣም ቆራሌው ይረከበዋል።

እዚህ ላይ ደርሶ «እኛ ኢትዮጵያውያን ከጥንትም ቆጣቢዎች ነን» ብሎ ማጨብጨብ ያምራል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የማርማላታ ጠርሙስ አጥበው፣ ወረቀቱን ልጠው፣ በርበሬ የሚያስቀምጡበት እኚያው እመቤት ታክሲ ውስጥ የበሉትን የቆሎ ፌስታል በመስኮት ይወረውሩታል። ሰውየው አንድ፣ እጁ አንድ፣ አሳዳጊው አንድ፤ የተለያየው ዕቃው ነው። ጠርሙሱ ነገ የሚፈልገው አለ፤ ፌስታሉን የሚፈልግ የለም። የቢራ ጠርሙስ መንገድ ላይ ተጥሎ የማይውለውም ሕዝባችን ከቢራ ጋር የተለየ ፍቅር ስላለው አይደለም። ባለሱቁ ባዶ ጠርሙስ ካላመጣህ ወይም መያዣ ካላስያዝክ ስለማይሰጥህ፣ ፋብሪካውም ባዶውን ከነሳጥኑ ቆጥሮ ስለሚረከብ ነው። ስለዚህ ቆሻሻ የሚባለው ነገር ከተፈጥሮው ቆሻሻ ሆኖ አይመጣም፤ ጠያቂ ያጣ ዕቃ ነው ቆሻሻ የሚሆነው። ይህን ከተቀበልን፣ የሰውን ጠባይ ለማረም ከምናፈሰው ምክር ይልቅ ዕቃው ጠያቂ እንዲያገኝ የምናደርገው ጥረት የበለጠ ፍሬ ይሰጣል ማለት ነው።

ለዚህ ከበግ ቆዳ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ቀደም ባለው ጊዜ የበዓል ዕለት በጉ ገና ተገፍፎ ሳያልቅ «ቆዳ አለ?» የሚል ድምፅ ከደጅ ይሰማ ነበር። ገዢው ቆዳውን ዘርግቶ ቢላዋ የነካውን ቦታ እየፈለገ ዋጋ ይቀንሳል፤ አባወራው በገፋፊው ይናደዳል፤ ቆዳው የተበሳበት ገፋፊም የሚያስመሰግነው ነገር የለም። ከቆዳው የተገኘው ገንዘብ ለበዓሉ ቅመም ይደርስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቆዳ ገበያው ወደቀና ገዢው ከደጅ ጠፋ። በጉ ያው በግ ነው፤ ቆዳውም ያው ቆዳ ነው፤ ነገር ግን ትናንት በአደራ ጨው ተነስንሶበት የሚቀመጠው ዛሬ በበዓሉ ማግሥት በየገንዳውና በየወንዙ ዳር ተጥሎ ሰፈሩን አፍንጫ ያስይዛል። ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ባለጌ ሆኖ ነው እንዳንል፣ ያው ሕዝብ ያን ዕለት ሃይላንዱን አጥቦ አስቀምጧል። የጠፋው ጠያቂው ብቻ ነው።

ወደ ፌስታሉ እንመለስ። ፌስታል ከሱቅ እስከ ቤት ያለው አገልግሎት ብዙ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ዕድሜ ግን ከገዢውም ከሻጩም ይበልጣል። ክረምት ሲመጣ የጎርፍ ቱቦ ይደፍናል፤ ጎርፉም አስፋልቱን ወንዝ ያደርገዋል፤ በጋ ሲሆን ነፋስ አንሥቶ አጥር ላይ ይሰቅለዋል፤ ከብት ደግሞ የምግብ ሽታ አሳስቶት ይውጠውና ሆዱ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀራል። ፌስታልን የሚደግፉ «እኛ እኮ ፌስታልም መልሰን እንጠቀማለን» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ሹሩባ ይሸፈንበታል፤ ጭቃ የነካው ጫማ ይቋጠርበታል፤ በየማድ ቤቱ በር ጀርባም ፌስታሎችን በሙሉ የያዘ አንድ ትልቅ ፌስታል ተንጠልጥሎ ይገኛል። ችግሩ ይህ የፌስታሎች ፌስታል ገቢ እንጂ ወጪ የለውም። በቀን አምስት ይገባል፤ በሳምንት አንድ ይወጣል። ቆራሌውም ይህን ስሌት ስለሚያውቅ ፌስታል ይዞ የወጣን ሰው ቀና ብሎ አያየውም፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ስንት መሰብሰብ እንዳለበት፣ ምን ያህል ጭቃና ቅባት አብሮት እንደሚመዘን ገብቶታል። መንግሥትም ነገሩን ሳያውቅ የቀረ አይደለም። ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ አዋጁን አላነበበ ይሆናል፣ ገበያውን ሞልቶት ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከናካቴው ከልክሏል። ሕጉ የሚሠራው ግን ፌስታሉን የሚተካ ዘንቢል እጃችን ላይ ሲኖር ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሁሉ መልሶ መጠቀም ድህነት እንጂ ሥልጣኔ አይደለም፤ ቢኖረን ኖሮ ማን ድርቆሽ ይበላ ነበር?» ተቃውሞው ከግማሽ በላይ እውነት አለው። የሆቴል ትራፊ ቡሌ እየተባለ ለችግረኛ የሚሸጠው ቁጠባ ስለተወደደ አይደለም፤ ማንም ሰው ሌላው ያስተረፈውን በልቶ እንዲያድር መመኘት የለብንም። ነገር ግን ድህነት ያስተማረው ሙያ ሁሉ ከድህነት ጋር ይቀበር ማለት ሌላ ነገር ነው። ጀርመን ደሃ አገር አይደለችም። እዚያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚጣሉ የመጠጥ ጠርሙሶችና ጣሳዎች ላይ መያዣ ይከፈላል፤ ዛሬ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው። መኪናው በብዙ ሺህ ዩሮ የተገዛ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ጠርሙሱን በከረጢት ይዞ ከሱፐርማርኬቱ መቀበያ ማሽን ፊት ይሰለፋል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሲያዩ የተገረሙበት ምክንያት አይታየኝም፤ ማሽኑ ዋጋ ላይ አይከራከርም እንጂ ቆራሌው ራሱ ነው። ሩዋንዳ ፌስታልን በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲከለክሉ ከእኛ እጅግ የላቀ ሀብት ኖሯቸው አይደለም። ኬንያማ ቅጣቱን እስከ አራት ዓመት እስር አድርሳዋለች። ስለዚህ ሀብት ሲመጣ መጣል ግድ ነው፣ ድህነት ሲኖር መቆጠብ ግድ ነው የሚለው አያስኬድም። የሚወስነው ለዕቃው ጠያቂ የሚያበጅለት ሥርዓት መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለምን እንጨነቃለን፣ ይቃጠል» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ቆሻሻችን የት እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ረጲ፣ ሁላችንም ቆሼ በምንለው ቦታ ሲከመር ኖረ። ከሜዳነት ወደ ተራራነት አደገ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሥሩ የነበሩ ቤቶችም ከነነዋሪያቸው ተቀበሩ። እዚያ የሚኖሩና የሚሠሩ ብዙዎች ኑሯቸው እኛ ቀላቅለን የጣልነውን በእጃቸው እየለዩ መሸጥ ነበር። በዚህ ላይ ቀልድ የለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ቦታ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ያመነጫል የተባለ ፋብሪካ ተመረቀ። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የማድ ቤት ትርፍራፊ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ውኃ ነው። ርጥብ ማገዶ ይዞ እሳት ለማያያዝ የታገለ ሰው ቀሪውን ይረዳዋል። ያም ሆኖ ዋናው ጉዳት ከዚህ ይከፋል፤ ርጥቡ ከደረቁ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ካርቶኑ ይበሰብሳል፣ ሃይላንዱ ይላቁጣል፣ ልጣጩ ለአፈር እንዳይሆን ባትሪና ምላጭ ይቀላቀልበታል። ያን ጊዜ እሳቱም፣ ቆራሌውም፣ ገበሬውም አይፈልገውም። ለየብቻው ሆኖ ሦስት ጠያቂ የነበረው ዕቃ ተቀላቅሎ አንድም ያጣል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከዚሁ ይገኛል፤ ርጥቡንና ደረቁን ገና ከማድ ቤት መለየት። ደረቁ ማለትም ሃይላንድ፣ ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮና ብረት በአንድ ማዳበሪያ ይጠራቀምና ለቆራሌው ይወጣል። ሃይላንድ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ጨምደድ ከተደረገ ቦታ አይፈጅም፤ ተሰብስቦ ይፈጫል፣ ወደ ውጭ አገርም ይላካል። ርጥቡ ደግሞ ግቢ ላለው ሰው ጣጣ የለውም፤ ጉድጓድ ወይም ጥግ ላይ አንድ ክምር፣ በልጣጩ ላይ ደረቅ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ትንሽ አፈር፣ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ማገላበጥ፤ በጥቂት ወራት ጥቁር አፈር ይሆናል። ሥጋና ቅባት ብቻ አይግባበት፤ አይጥ ይጠራል። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ደግሞ ክዳን ያለው ባልዲ ከታች በስቶ፣ ትሪ ላይ አስቀምጦ መጀመር ይችላል። «ይሸታል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ የሚሸተው ግን ርጥበቱ ሲበዛ ነው፤ ከአናጢ ቤት በነፃ የሚገኝ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ካርቶን ሲነሰነስበት ይተዋል። ይህም ያልሆነለት ሰው ሰፈሩን ይጠይቅ፤ በግ የሚያሞክት ጎረቤት አይጠፋም፤ ለእሱ የጎመን ግንድ ቆሻሻ አይደለም። ዕድሜ ልካችንን አተላ ለከብት ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ልጣጭ ለበግ መስጠት ይከብደናል ማለት ያሳፍራል።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ተቃውሞ «እኔ ብለይ ምን ዋጋ አለው፤ መኪናው ላይ ሲጫን መቀላቀሉ አይቀርም» የሚለው ነው። ሰው ይህን ሲል ጥፋቱን በሹፌሩ ላይ አሳርፎ እፎይ ይላል። አንድ ነገር ግን ዘንግቷል፤ የለየው ደረቅ ዕቃ መኪናው ላይ አይወጣም፤ ወደ ቆራሌው ነው የሚሄደው። ለአፈር የሆነው ርጥብም ከግቢ አይወጣም። ለመኪናው የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ቢቀላቀልም ጉዳቱ ያንሳል። ቤት ለቤት የሚዞሩት ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራትም ቢሆኑ የሚሸጥ ነገር ሲያገኙ ለይተው ይሸጡታል፤ ንጹሕ ካርቶን ስናወጣላቸው ተጨማሪ የዕለት ገቢ ሰጠናቸው ማለት ነው፤ ሽንት ጨርቅ ውስጥ የተጠቀለለ ሃይላንድ ስናወጣላቸው ደግሞ ምን እንደምንላቸው ለራሳችን እንተወው። መንግሥት ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። የጽዳት ክፍያው ከውኃ ሂሳባችን ጋር እየተደመረ ስለሚቆረጥ፣ ተለይቶ የወጣው ተለይቶ እንዲጫን የመጠየቅ መብት አለን። ግን የለየ ሰው ሲጠይቅ ነው የሚያምርበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለሎሚ ብቻ አልተነገረም።

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ ሁሉንም ነገር ለማስቀመጥ የተነሣ አንባቢ ቢኖር ትንሽ ይታገሥ። መልሶ መጠቀም ሁሉ ደግ አይደለም። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ሰባት ጊዜ ቢታጠብ የውኃ መቅጃ ሊሆን አይገባውም፤ እንዲህ ያለው ጀሪካን ተቀድዶ ከአገልግሎት መውጣት አለበት። ከሰል ለማያያዝ ፌስታልና የጎማ ቁራጭ የሚለኩስ ሰው ክብሪት ቆጥቦ ሳንባውን ይከፍላል፤ ጭሱንም ቡና ለመጠጣት ለተጠራው እንግዳ ያካፍላል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች ከቅራቅንቦ በቀለጡ የአሉሚኒየም ድስቶች ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ከባትሪና ከሞተር ብረት ጋር አብሮ የቀለጠ ድስት ሎሚና ቲማቲም ለሚበስልበት ወጥ አይመረጥም። ከዚህ ሌላ ደግሞ የማጠራቀም በሽታ አለ። ምስሉ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ክዳኑ የሌለው ፔርሙዝ፣ ጥንዱ የጠፋ ካልሲ «አንድ ቀን ይጠቅማል» እየተባለ አልጋ ሥር ይኖራል። ያ አንድ ቀን አይመጣም። አልጋ ሥር ያለ ዕቃ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለ አይደለም፤ ወደ ቆሼ ለመሄድ ተራ የሚጠብቅ ነው፤ እየቆየ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ዛሬ ለሚጠግን ወይም ለቆራሌው የሚሰጠው ቴሌቪዥን ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚሰጠው የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ዕቃው ከመግባቱ በፊት በር ላይ መጠየቅ ነው። እኛ ስንገዛ የምንጠይቀው ስንት ነው ብለን ብቻ ነው። ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምር፦ ሲያልቅ ቆራሌው ይገዛዋል? በጠርሙስ የመጣ ለስላሳ መጠጥ ይገዛል፣ መያዣውም ይመለሳል። አንድ ትልቅ የሳሙና ዱቄት ከረጢት ከሃያ ትናንሽ ፓኬት ይሻላል፤ በዋጋም ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ለትልቁ የሚበቃ ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሌለው ሰው ከጎረቤት ጋር ተከፋፍሎ መግዛት ይችላል፤ ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ለዚህ አይቸገርም። ሽንኩርትና ድንች በዘንቢል፣ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ፣ ውኃ ከቤት በተሞላ ኮዳ ይያዝ። ሠርግና ለቅሶ ላይ የሚቀርበው የሚጣል ሳህንና ኩባያ ደግሞ ተገቢ አይደለም፤ የዕድር ሳህን፣ የዕድር ብርጭቆና የዕድር ድንኳን እያለ ፕላስቲክ መግዛት ከዕድር አባልነት መልቀቅ ይመስላል። ሳህኑን ማን ያጥባል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እስከ ዛሬ እናቶችና እኅቶች ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢያግዙ አንድም ቆሻሻ ይቀንሳል፣ አንድም ለቅሶ ቤት የሚጫወቱት ካርታ ያርፋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አሁን አሁን በየኮንዶሚኒየሙና በየአፓርታማው በር ላይ ቆራሌው እንዳይገባ ጥበቃው ታዝዟል፤ ምክንያቱ ጩኸትና ሌብነት ነው ይባላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ግን ቆራሌውን ከበር የመለሰ ሰፈር ሃይላንዱንና ካርቶኑን ለገንዳ ሰጥቶ ለገንዳው መጫኛ ይከፍላል። ይልቅ የሰፈሩ ኮሚቴ አንድ የሚታወቅ ቆራሌ መርጦ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቀጥሮ፣ በር ላይ ቦታ ይስጠው፤ መታወቂያውን ጥበቃው ይያዝ። ዋጋው ላይ እንደ ፈለጋችሁ ተከራከሩት፤ እሱም ይከራከራችኋል፤ ቢያንስ ግን በስሙ ጥሩት፣ ጠዋት ከሆነም ሻይ አቅርቡለት። ነገ ማድ ቤት ስትገቡ ደግሞ ከአንዱ ባልዲ አጠገብ ሌላ አንድ ባልዲ አስቀምጡ፤ አንዱ ለርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። በሁለቱም የማይገባ፣ አፈርም ቆራሌውም የማይቀበለው ዕቃ እጃችሁ ላይ ከቀረ ስሙን ያዙትና ሁለተኛ አትግዙት።